ቸርችልን የሞገቷቸው ሰዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሳው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ዊንስተን ቸርችልን ነው። ስማቸውን ያልሰማ አድማጭ ጥቂት ነው። ከአፋቸው የማይለየው ሲጋር፣ በሁለት ጣታቸው የሚያሳዩት የድል ምልክት፣ በሬዲዮ ያሰሟቸው ንግግሮች፣ ይህ ሁሉ ብዙ ተብሎለታል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። አገር በጦርነት ተወጥራ ሳለ አንድ መሪ "ተሳስተሃል" የሚለውን ሰው ምን ያደርገዋል? ያስረዋል? ከፊቱ ያርቀዋል? ወይስ አጠገቡ አስቀምጦ ይሟገተዋል?

የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው። የቸርችል ትልቁ ብርታት አንደበታቸው ወይም ድፍረታቸው ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል የሚሞግቷቸውን ሰዎች ከአጠገባቸው አለማራቃቸው ነበር። ሞጋች ባለበት ቦታ ስህተታቸው ብዙ ጊዜ ታረመ። ሞጋች በሌለበት ቦታ ግን ያው ስህተት የሰው ሕይወት በላ። ይህን በማስረጃ እንየው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ሰውየው ማን ነበሩ? በ1874 በእንግሊዝ አገር ብሌኒም በተባለ ትልቅ ቤተ መንግሥት ተወለዱ። አባታቸው ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል ስመ ጥር ፖለቲከኛ፣ እናታቸው ደግሞ አሜሪካዊት ነበሩ። በወጣትነታቸው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሆነው ሕንድና ሱዳን ዘመቱ። በሱዳን በ1898 የተዋጉት ከማን ጋር መሰላችሁ? ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከተዋጉት ከደርቡሽ ጦር ጋር ነው። ቸርችል በኦምዱርማኑ ውጊያ በፈረሰኞች ግልቢያ ተካፍለዋል፤ ስለ ዘመቻውም መጽሐፍ ጽፈዋል። በ1900 ገና በ25 ዓመታቸው ፓርላማ ገቡ። በ1904 ወግ አጥባቂውን ፓርቲ ትተው ወደ ሊበራሎቹ ተሻገሩ፤ ሃያ ዓመት ያህል ቆይተው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ፓርቲያቸው ተመለሱ። በዚህ የተነሳ በሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ሰው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቸርችል የባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገና 39 ዓመት ነው። በፈረንሳይ ምድር ሁለቱም ወገን ምሽግ ውስጥ ተቀብሮ ጦርነቱ አልነቃነቅ ሲል አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የጦር መርከቦች ጠባቡን የዳርዳኔልስ መተላለፊያ ሰብረው ይግቡ፣ ኢስታንቡልን ያስጨንቁ፣ ቱርክም ከጦርነቱ ትውጣ የሚል ነበር። ሐሳቡ ደፋር ነው። ቸርችልም በንግግር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ይሁን እንጂ የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ፣ ሽማግሌው አድሚራል ፊሸር፣ በነገሩ አላመኑበትም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1915 የጦርነት ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ፊሸር ከመቀመጫቸው ተነስተው ሊወጡ ሲሉ የጦር ሚኒስትሩ ኪችነር ወደ መስኮቱ ወስደው አግባብተው መለሷቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ተቃውሟቸውን ለምክር ቤቱ አልተናገሩም፤ ዝም አሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ታሪክ ያውቀዋል። በማርች በአንድ ቀን ሦስት የጦር መርከቦች በፈንጂ ሰጠሙ። በአፕሪል እግረኛ ጦር በመተላለፊያው አጠገብ ጋሊፖሊ ላይ ወረደ። ዘመቻው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በማፈግፈግ ሲያበቃ ከሁለቱም ወገን ከ100,000 በላይ ሰው አልቋል። ቸርችል ሥልጣናቸውን አጥተው ወደ ፈረንሳይ ምሽግ ሄዱ፤ አንድ ሻለቃ ጦርም አዘዙ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን በ1917 ባወጣው ዘገባ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱን ልብ በሉልኝ። የባሕር ኃይሉ ባለሙያዎች ጥርጣሬያቸውን በስብሰባው ላይ ሊናገሩ ይገባ ነበር፤ ሚኒስትሮቹም ሊጠይቋቸው ይገባ ነበር አለ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የተናገረው ሰው ነው ወይስ ዝም ያለው? መልሴ የሁለቱም ነው የሚል ነው። እንደ ቸርችል ያለ አንደበተ ርቱዕ ሰው አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ሳያስበው ዝም ያሰኛል። ሌላው ሐሳቡን አሰባስቦ ሳይጨርስ እሱ ከሦስተኛው ማስረጃ ደርሷል። ዝምታው ስምምነት ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አገር ይምራ ከተባለ ከማንም ይልቅ በዙሪያው የማይፈሩት ሰዎች ያስፈልጉታል።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ ትክክል እንዳልነበረ ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ማስረዳት አይከብድም። በ1927 ሮም ሄደው ሙሶሊኒን አወድሰዋል። በ1935 ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር ዋናው ጭንቀታቸው ጀርመን ስለነበረች ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለጉም። ሂትለርን በጊዜ ያዩት ዓይኖች ሙሶሊኒን ግን በጊዜ አላዩትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ሜይ 10 ቀን 1940 ቸርችል በ65 ዓመታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ቀን ጀርመን በሆላንድ፣ በቤልጂየምና በፈረንሳይ ላይ ጦሯን አዘመተች። የጦርነት ካቢኔያቸው አምስት ሰው ነበር። ቸርችል ራሳቸው አሉ። ከጠቅላይ ሚኒስትርነት የወረዱት ቼምበርሊን አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ አሉ። ከተቃዋሚው ከሌበር ፓርቲ ደግሞ አትሊና ግሪንውድ አሉ። ቼምበርሊን ቸርችል ለዓመታት ሲነቅፏቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ሃሊፋክስ ብዙዎች ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ከቸርችል ይልቅ የመረጧቸው ሰው ናቸው። ቸርችል ሁለቱንም ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው።

በሜይ መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ደንከርክ በተባለው የፈረንሳይ ወደብ ተከበበ። በመርከብና በጀልባ ከ330,000 በላይ ወታደር ሊወጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። ከሜይ 26 እስከ 28 ባሉት ሦስት ቀናት የጦርነት ካቢኔው ደጋግሞ ተሰበሰበ። ሃሊፋክስ እንዲህ ብለው ተሟገቱ፦ ጣሊያን ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም፤ በእሷ በኩል ሂትለር ምን ዓይነት ሰላም እንደሚሰጥ ብንጠይቅ ምን እናጣለን? ይህ የፈሪ ንግግር አልነበረም። ብዙ አስተዋይ ሰው የሚያስበው ነገር ነበር። ቸርችል ደግሞ እንዲህ መለሱ፦ አንድ ጊዜ ለድርድር ከተቀመጥን የሕዝቡ ወኔ ይፈሳል፤ መጥፎ ውል ቢቀርብልን እንኳ ተነስተን ለመዋጋት አንችልም። ሙግቱ ከርሮ ሃሊፋክስ ሥራዬን እለቃለሁ እስከማለት ደረሱ። ቸርችል ወደ አትክልቱ ስፍራ ይዘዋቸው ወጥተው አነጋገሯቸው። ቼምበርሊን ሲያመነቱ ቆይተው ወደ ቸርችል አዘነበሉ። የሌበሮቹ ሁለት ሰዎች ከመጀመሪያውም ከቸርችል ጋር ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ቸርችል ከጦርነት ካቢኔው ውጭ ያሉትን ሃያ አምስት ያህል ሚኒስትሮች ሰብስበው እንዋጋለን ሲሏቸው በአንድ ድምፅ ደገፏቸው።

ይህ ነገር እኛን ይነካል። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ በስደት ነበሩ፤ አርበኞቻችንም በየበረሃው ይዋጉ ነበር። እንግሊዝ ሙሶሊኒን ለማስደሰት ለድርድር ብትቀመጥ ኖሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ ማን ያነሳው ነበር? ሆኖም ድርድሩ አልተጀመረም። ጣሊያን ጁን 10 ቀን 1940 ወደ ጦርነቱ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን መርዳት ለእንግሊዝ የራሷ ጉዳይ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገር ገቡ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ እንዲህ ቢለኝ አይገርመኝም፦ "ጠላት በር ላይ ቆሞ ሦስት ቀን መሟገት ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ? ጦርነት አንድ ቆራጥ ሰው ይፈልጋል።" ጥያቄው ተገቢ ነው። በጦር ሜዳ ላይ ሻለቃው ድምፅ አሰጥቶ አይዋጋም። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚወሰነው የአንድ ኮረብታ ጉዳይ አልነበረም፤ አገር ትዋጋ ወይስ አትዋጋ የሚል ነበር። ቸርችል ሃሊፋክስን በዚያ ሳምንት ቢያባርሯቸው ኖሮ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችል ነበር። ሦስት ቀን ተሟግተው ስለወሰኑ ውሳኔው የሁሉም ሆነ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜም ጸና። ሃሊፋክስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ቆዩ። ደግሜ ልናገረው፤ በሙግት የተገኘ ውሳኔ ለመድረስ ይዘገያል፣ ሲደርስ ግን ይጸናል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ በየዕለቱ ሥራቸው ማን ይሞግታቸው እንደነበር እንይ። አራት ሰዎችን ወይም ቡድኖችን እጠራለሁ፤ ደረጃቸው የተለያየ ነው።

ከቤታቸው እንጀምር። ጁን 27 ቀን 1940 ፈረንሳይ ከወደቀች ገና ጥቂት ቀን ነው። ባለቤታቸው ክሌመንታይን ደብዳቤ ጻፉላቸው። ከእርስዎ ጋር የሚሠሩት ሰዎች ጸባይዎ እየከፋባቸው ነው፣ ሻካራና ተሳዳቢ ሆነዋል፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መልካሙን ምክር የሚነግርዎ ሰው ያጣሉ የሚል ቁም ነገር ያለው ደብዳቤ ነው። ክሌመንታይን የመጀመሪያውን ቀደውት ነበር፤ እንደገና ጻፉት። ለምን ይህን ያህል ግድ አላቸው? ባላቸውን የሚፈራ ሰው እውነቱን እንደማይነግራቸው ስላወቁ ነው። የትዳር ወግ ብቻ አድርጌ አላየውም፤ በዚያ ወር ከተሰጧቸው ምክሮች ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጄኔራል አለን ብሩክ ናቸው፤ ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር ኤታ ማዦር ሹም። ቸርችል በሰሜን ኖርዌይ ጦር እናውርድ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ደጋግመው ያነሱት ነበር። ብሩክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ደጋግመው አይሆንም አሉ። ቸርችል ጠረጴዛ ሲመቱ ብሩክም ይመታሉ፤ ቸርችል ሲያፈጡባቸው እሳቸውም መልሰው ያፈጣሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። የባሕር፣ የምድርና የአየር ኃይል አዛዦቹ በአንድነት አይሆንም ባሉበት ወታደራዊ ጉዳይ ቸርችል በሥልጣናቸው አልገፉባቸውም። ብሩክ ሌሊት ሌሊት በሚጽፉት ማስታወሻ ላይ ምሬታቸው ብዙ ነው፤ ሰውየው አገሪቱን ደጋግመው ወደ ጥፋት አፋፍ አደረሷት ይላሉ። እዚያው ላይ ደግሞ ያለ እሳቸው እንግሊዝ በእርግጥ ትጠፋ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ምስክርነት ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው፤ ሁለቱንም አምናለሁ።

ሦስተኛዎቹ ማዕረግ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ብሌችሊ ፓርክ በተባለ ስፍራ የጀርመንን የምስጢር መልእክት የሚፈቱ ምሁራን ነበሩ፤ ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ከእነሱ አንዱ ነው። በኦክቶበር 1941 አራት ሆነው አለቆቻቸውን ሁሉ አልፈው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፉ። ሠራተኛ አነሰን፣ የሚሰማን አጣን፣ ሥራው እየዘገየ ነው አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሄደ። ስንቱ ባለሥልጣን "አለቃህን ዘለህ እንዴት መጣህ?" ይል ነበር? ቸርችል ግን የሚፈልጉት ሁሉ በአስቸኳይ ይሟላላቸው ብለው በዚያው ቀን እንዲፈጸም አዘዙ።

አራተኛው አትሊ ናቸው፤ የሌበር መሪና የቸርችል ምክትል። ቁጥብ፣ ቃላቸው አጭር። በጃንዋሪ 1945 ለቸርችል ረጅም የወቀሳ ደብዳቤ ጻፉ። ሌላ ሰው እንዳያየው ብለው ራሳቸው ታይፕ መቱት። ሰነዶችን ሳያነቡ ስብሰባ ይመጣሉ፣ ከርዕስ ውጭ ያወራሉ፣ የካቢኔውን ጊዜ ያባክናሉ የሚል ነው። ቸርችል በጣም ተቆጡ። ክሌመንታይን ግን ደብዳቤው እውነት ነው አሉ። አትሊ አልተባረሩም።

ከነዚህ በላይ ደግሞ ንጉሡ አሉ። በጁን 1944 የኅብረቱ ጦር ኖርማንዲ ላይ ሲወርድ ቸርችል ከመርከብ ሆኜ ላየው እሄዳለሁ ብለው ነበር። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ አይሂዱ ብለው ጻፉላቸው፤ ቀሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስኪ ወደ ጠላት ወገን እንሻገር። ሂትለር በዲሴምበር 1941 የምድር ጦሩን አዛዥ አሰናብቶ ራሱ አዛዥ ሆነ። በሴፕቴምበር 1942 የሚሞግተውን ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ሃልደርን አባረረ። ከሁለት ወር በኋላ ጦሩ ስታሊንግራድ ላይ ሲከበብ ጄኔራሎቹ ሰብሮ ይውጣ አሉ፤ ሂትለር አይንቀሳቀስም አለ። በፌብሩዋሪ 1943 መጀመሪያ ከዚያ ታላቅ ጦር የተረፈው 90,000 ያህል ወታደር እጁን ሰጠ። ከጠላት ወገን ባይሆንም፣ የሶቪየቱ መሪ ስታሊንም ጀርመን ልትወርህ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ፣ የቸርችልን ጭምር፣ ችላ ብሎ በጁን 1941 ሳይዘጋጅ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ዡኮቭ ያሉ ጄኔራሎችን መስማት ጀመረ፤ የጦሩም ዕድል ተለወጠ።

"ቸርችልም እኮ ጄኔራሎችን አባርረዋል" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በ1941 ዌቨልን፣ በ1942 ኦኪንሌክን ከመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥነት አንስተዋል። የብሪታንያን ሰማይ ያስጠበቁት የአየር ኃይሉ የተዋጊ አውሮፕላኖች ክፍል አዛዥ ዳውዲንግም በ1940 መጨረሻ ከሥራቸው ተነሱ፤ ያ እስከ ዛሬ የሚያስወቅስ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሁሉ ይልቅ አይሆንም ያሏቸው ብሩክ ናቸው፤ ብሩክ ግን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከቦታቸው አልተነሱም። የቸርችል ትዕግሥት የሚያልቀው፣ አንዳንዴም ያለ አግባብ፣ ዘገየ ባሉት አዛዥ ላይ እንጂ በሚሞግታቸው ላይ አልነበረም።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ ደግሞ አለ። "ይህ የሰውየው ጸባይ ሳይሆን የአገሩ ሥርዓት ነው፤ ፓርላማ ስላለ ነው የታገሡት" ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ጁን 21 ቀን 1942 ቶብሩክ በተባለችው የሊቢያ ከተማ 33,000 ያህል ወታደር ተማረከ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፓርላማው መንግሥቱን ለመንቀፍ ሁለት ቀን ተከራከረ። በመጨረሻ 475 ሰው ለቸርችል፣ 25 ሰው በተቃራኒ ድምፅ ሰጠ። ሥርዓቱ ባይኖር ያ ክርክር አይኖርም ነበር። ግን ሥርዓት ብቻውን አይቆምም። የጦርነት ጊዜ ነው፣ ክርክር ጠላትን ይጠቅማል የሚል ሰበብ ለማንኛውም መሪ ቅርብ ነው። ቸርችል ያን ሰበብ ፓርላማውን ለመዝጋት አልተጠቀሙበትም። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ተሰድበዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ተመልሰዋል፤ ነቀፌታ መንግሥት እንደማይገድል ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል።

በጁላይ 1945 ጀርመን ከተሸነፈች ገና ሁለት ወር ተኩል ሲሆን ሕዝቡ በምርጫ ሌበርን መረጠ። ቸርችል ውጤቱ በታወቀበት ዕለት ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ያን የወቀሳ ደብዳቤ የጻፉት አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ጦርነቱን ያሸነፉት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እንጂ ቸርችል አይደሉም ለሚልም አልከራከርም። የሰውና የፋብሪካ ብዛት ከእነሱ ጋር ነበር። ቸርችል ያደረጉት እነሱ እስኪገቡ ድረስ መቆም ነው፤ መቆሙ ደግሞ በብዙ ሰው ምክር የተገኘ ነበር።

(ሙዚቃ፤ ከዚያ አጭር ዝምታ)

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል፣ ውድ አድማጮች። በጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን በልባችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። በ1943 በእንግሊዝ ትተዳደር በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል በተባለው ክፍለ አገር፣ ረሃብ ገባ። በረሃቡና ተከትሎት በመጣው በሽታ እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ሳያልቅ አልቀረም። መንስኤው ብዙ ነው። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ። የእንግሊዝ አስተዳደር የጃፓን ጦር እንዳይጠቀምባቸው ብሎ በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ጀልባዎችንና የሩዝ ክምችት ወሰደ፤ ጀልባ ደግሞ ለዚያ ሕዝብ ማጥመጃውም ማጓጓዣውም ነበር። በኦክቶበር 1942 ከባድ አውሎ ነፋስ መጣ። የጦርነቱ ወጪ ገበያውን አናረው፤ የቀን ሠራተኛውና ዓሣ አጥማጁ ሩዝ እያዩ መግዛት ተሳናቸው።

የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤመሪና የሕንዱ እንደራሴ ከለንደን እህል ለመኑ። በኦገስት 1943 የጦርነት ካቢኔው የፈቀደው ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ የመርከብ እጥረት ነው ተባለ፤ እጥረቱም የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ኤመሪ በማስታወሻቸው እንደመዘገቡት ቸርችል ስለ ሕንዳውያን ሲናገሩ ንቀታቸው ግልጽ ነበር። የሕንድን ራስን በራስ ማስተዳደር በ1930ዎቹ አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ናቸው።

ለቸርችል የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉትንም ላንሳ። ረሃቡን እሳቸው አልፈጠሩትም፣ በኋላ እህል ተልኳል፣ በ1944ም ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሩዝቬልት መርከብ ጠይቀው ተከልክለዋል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስለ ኖርዌይ ሲሳሳቱ ብሩክ ነበሩ። ጸባያቸው ሲከፋ ክሌመንታይን ነበሩ። ቶብሩክ ስትወድቅ ፓርላማው ነበር። ቤንጋል ስትራብ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ነበር? ኤመሪ ተሟግተዋል፤ ከኋላቸው ግን ካቢኔውን የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም። የቤንጋል ገበሬ በእንግሊዝ ምርጫ ድምፅ የለውም። ሊናገሩለት ይችሉ የነበሩት የሕንድ የነጻነት ትግል መሪዎች ጋንዲና ኔህሩ ደግሞ ከኦገስት 1942 ጀምሮ በእስር ላይ ነበሩ። እንዲታሰሩ ያደረገውም ያው የቸርችል መንግሥት ነው። ለንደን ላይ ሞጋቾቻቸውን የታገሡት ሰው ሕንድ ላይ ሞጋቾቻቸውን አሰሩ። በእኔ ፍርድ ከስማቸው የማይጠፋው እድፍ ይህ ነው።

በልጅነታቸው ያን ረሃብ ያዩት ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤንጋልን ረሃብ መረመሩ። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብም መርምረዋል። ሁለቱን ያገናኘው ምንድን ነው? በሁለቱም ቦታ ጥያቄው እህል አለ ወይስ የለም የሚል ብቻ አልነበረም፤ ድሃው እህሉን የሚያገኝበት አቅም አለው ወይ የሚል ነበር። ሴን ከዚህ ተነስተው በኋላ ነጻ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም የሚል ክርክር አቀረቡ። እኛም የወሎው ረሃብ ምን ያህል ጊዜ እንደተደበቀ፣ ዓለም ያወቀውም በውጭ ቴሌቪዥን በኩል እንደነበር እናውቃለን።

ቤንጋል ላይ ዝምታውን የሰበረው ጋዜጣ ነው። ካልካታ ላይ የሚታተመው ስቴትስማን የተባለ በእንግሊዛውያን የሚመራ ጋዜጣ በኦገስት 1943 በየመንገዱ የወደቁትን የረሃብተኞች ፎቶግራፍ አወጣ። ነገሩ ከዚያ በኋላ በለንደንም መደበቅ አልቻለም። በኦክቶበር አዲሱ እንደራሴ ሥራ ጀመሩ፤ ቸርችል ከመካከለኛው ምሥራቅ ያነሷቸው ያው ዌቨል ናቸው። ወዲያው ካልካታ ሄደው አዩ፤ ጦሩ እህል እንዲያከፋፍል አዘዙ፤ ለለንደንም እህል ላኩ እያሉ ያለማቋረጥ ጻፉ፣ ተጨቃጨቁ።

(ሙዚቃ ቀስ እያለ ይገባል)

ውድ አድማጮቻችን፣ ለሳምንቱ ውይይታችሁ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። የዌቨል ደብዳቤዎችና የጋዜጣው ፎቶግራፎች ከስድስት ወር በፊት፣ በ1943 መጀመሪያ ላይ፣ ለንደን ደርሰው ቢሆን ኖሮ የጦርነት ካቢኔው ሌላ ውሳኔ ይወስን ነበር ትላላችሁ? ለምን? ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፤ የተለያየ አስተያየት የያዙትን መርጠን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነባቸዋለን። ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)